መስተዋት መብሳትና ውኃ መመለስ፤ ስለ አንድ አነስተኛ ሙያ ቃላት አሰያየም

የሙያ ቃላት አሰያየም አብዛኛውን ጊዜ ከጠረጴዛ ይጀመራል። የባዕዱ ቃል በተራ ይቀርባል፤ በአንጻሩ የአማርኛ አቻ ይፈለጋል፤ ከተገኘ ይመዘገባል፤ ካልተገኘ ከግእዝ ሥር ይፈጠራል ወይም ቃሉ እንዳለ ይወሰዳል። ይህ አሠራር ለታላላቆቹ የሳይንስ ዘርፎች ብዙ ጠቅሞናል፤ በ1989 ዓ.ም. የታተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትም የዚህ ዐይነቱ የረጅም ጊዜ ልፋት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ በታላላቆቹ ዘርፎች መካከል በሚገኙት ትንንሽ ሙያዎች ዘንድ፣ ቃሉን አንብቦ ወዲያውኑ መሣሪያ በሚያነሣው ሰው እጅ ላይ፣ የጠረጴዛው ፍርድ አንዳንድ ጊዜ ይስታል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አንዱን እንዲህ ያለ ሙያ ነው፤ ይኸውም የዓሣ ማኖሪያ የመስተዋት ገንዳን በስቶ ውኃ የሚያወርድና የሚመልስ ቧንቧ የመግጠም ሥራ ነው።

ጉዳዩን ያነሣሣን አንድ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኛ ነው። በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ በየመንገዱ ዳር ያሉት የመስተዋትና የአሉሚኒየም ሥራ ቤቶች በርና መስኮት፣ የዕቃ መደርደሪያና የማሳያ ሣጥን ይሠራሉ፤ ደንበኛ ሲያዝዝም ለመኖሪያ ቤት ወይም ለምግብ ቤት የሚሆን የዓሣ ገንዳ ያበጃሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእነዚህ ባለሙያዎች የታሰበ፣ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ የአሠራር መመሪያ ለቋንቋ እርማት ቀርቦልን ነበር። በመመሪያው ውስጥ «የጠነከረ መስተዋት አይበሳም» የሚል ዐረፍተ ነገር ነበረ። ሰዋስዉ የተስተካከለ፣ ቃላቱም የታወቁ ስለ ነበሩ አሳለፍነው።

ከወራት በኋላ የመመሪያውን አቀባበል ለመጠየቅ ወደ አንዱ ሥራ ቤት በሄድንበት ጊዜ የቤቱ ባለቤት ወረቀቱን ከመሳቢያ አውጥቶ በዚያው ዐረፍተ ነገር ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ጋሼ፣ አይበሳም ሲል በተራው ፑንታ አይበሳም ማለቱ መስሎኝ የአልማዝ ፑንታ ገዛሁለት። ደግሞ ጠንካራ ነው ከተባለ እንዴት እንደ ጨው ይበተናል?» አለን። ከጎኑ የቆመው ወጣት ረዳቱ ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። ያን ቀን የሰጠነው መልስ የሚያጠግብ አልነበረም። ቀጥሎ ያለው ሐተታ ዘግይቶም ቢሆን የተሻለውን መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው።

ሀ. ዕቃው ምንድን ነው?

አንድን ነገር በትክክል ለመሰየም አሠራሩን ማወቅ ይገባል። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 40፣ የውኃው ጥልቀት 50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 200 ሊትር ውኃ ይይዛል፤ ይህም የመስተዋቱ ክብደት ሳይታከልበት 200 ኪሎ ግራም ነው። በእንዲህ ያለ ገንዳ ውስጥ የሚኖር ዓሣ እዳሪው የሚወገድለት፣ ውኃው የሚጣራለትና አየር የሚያገኝለት መሆን አለበት። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በዚሁ መጠን ውኃው በተመሳሳይ ሙቀት ሊይዝ የሚችለው ኦክሲጅንም ይቀንሳል። ስለዚህ የውኃው መዘዋወር በቆላና በባሕር ጠረፍ ካለው ይልቅ እዚህ የበለጠ ያስፈልጋል።

ማዘዋወሪያው በሁለት ገንዳዎች ይሠራል። ላይኛው ዓሣው የሚታይበት ነው፤ ታችኛው ከሥሩ በቁም ሣጥን ውስጥ ተደብቆ ማጣሪያውንና ፓምፑን ይይዛል። ውኃው ከላይኛው ገንዳ አፍ አካባቢ ሞልቶ በአንድ ቀዳዳ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከተጣራ በኋላ ፓምፕ እየገፋ በሌላ ቀዳዳ ወደ ላይ ይመልሰዋል። ለሁለቱም ቧንቧዎች መስተዋቱ መበሳት አለበት፤ በየቀዳዳውም ቧንቧውን ከመስተዋቱ ጋር የሚያያይዝና ውኃ የማያሳልፍ መጋጠሚያ ይገባል። አሠራሩ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ አጭር ገለጻ ውስጥ ብቻ «መስተዋት»፣ «መብሳት»፣ «መመለስ» እና «መጋጠሚያ» የተባሉት አራት ቃላት እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ችግር ይዘው ይገኛሉ።

ለ. መስተዋት፣ ብርጭቆ፣ ማህው

አማርኛ ፊት የምናይበትንም ሆነ በመስኮት የምንገጥመውን «መስተዋት» ይላል፤ የምንጠጣበትን «ብርጭቆ»፣ ፈሳሽ የምናስቀምጥበትን «ጠርሙስ»፣ በዐይናችን ላይ የምናደርገውን «መነጽር» ይላል። ቁሱን ከዕቃው ለይቶ የሚጠራ አንድ የጋራ ቃል በዕለት ንግግር አይሰማም። ግእዝ «ማህው» የሚል ቃል አለው፤ ለመስታየቱ ደግሞ «መጽሔት» የሚል። ሁለተኛው ዛሬ በአማርኛ በየጊዜው የሚታተም የጽሑፍ ስብስብ መጠሪያ ሆኗል፤ የቃል ዕድል ምን ያህል እንደሚለዋወጥ ለማየት ይህ አንድ ምሳሌ በቂ ነው።

«ማህው»ን ለቁሱ መጠሪያ እንዲሆን ማስነሣት ይቻል ይሆን? ስለ ቁሱ ኬሚካዊ ጠባይ ለሚናገር ጽሑፍ የሚያስነቅፍ ሐሳብ አይደለም። ለሥራ ቤት መመሪያ ግን አንመክረውም። ባለሙያው ጠፍጣፋውን ቁስ በጅምላ ሲገዛም፣ ሲቆርጥም፣ ሲገጥምም «መስተዋት» ይለዋል፤ ውፍረቱንም «ባለ 6»፣ «ባለ 10» እያለ በሚሊ ሜትር ይጠራዋል። አንድ ካሬ ሜትር መስተዋት በእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ውፍረት 2.5 ኪሎ ግራም ያህል እንደሚመዝን፣ ባለ 10ሩ 25 ኪሎ እንደሚሆን ትከሻው ያውቀዋል። በሥራው ላይ ብዥታ የማይፈጥር ቃል ካለ ለንጽሕና ብሎ መለወጥ ትርፍ የለውም።

ሐ. «ጠንካራ» ወይስ «ውጥር»?

ብዥታው ያለው በመስተዋቱ ዐይነት ላይ ነው። በዘርፉ ሁለት ዋና ዋና ዐይነቶች አሉ። የመጀመሪያው ከተሠራ በኋላ ቀስ እያለ እንዲቀዘቅዝ የተደረገ፣ በውስጡ የነበረው ጭንቀት የረገበለት መስተዋት ነው፤ ይቆረጣል፣ ይሞረዳል፣ ይበሳል። ሁለተኛው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ከጋለ በኋላ በሁለቱም ገጹ ላይ ብርቱ አየር እየተነፋበት በድንገት የቀዘቀዘ ነው። ገጹ ቀድሞ ይደርቃል፤ ውስጡ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝና ሲኰማተር ገጹን ወደ ውስጥ ይስበዋል። በውጤቱም ገጹ እንደ ተጨመቀ፣ ውስጡም እንደ ተሳበ ለዘወትር ይኖራል። ይህ መስተዋት ምትንና ግፊትን በመቋቋም ረገድ ተራውን አራት እጥፍ ያህል ይበልጣል። ሆኖም የተጨመቀው ገጹ ተቦርቡሮ ወደ ተሳበው ውስጡ ከተደረሰ ታስሮ የኖረው ኃይል በቅጽበት ይለቀቃል፤ መስተዋቱም በሙሉ ወደ ትንንሽ ፍርካሾች ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ቀዳዳ የሚያስፈልገው ከሆነ የሚበሳው ከመጋሉ በፊት ነው፤ ከዚያ በኋላ የትኛውም ፑንታ፣ የአልማዙም ቢሆን፣ አያድነውም።

እንግሊዝኛው ይህን መስተዋት የሚጠራበትን ቃል የሥራ ቤቱ ሰው «ቴምፐርድ» እያለ ወስዶታል። ተርጓሚው «የጠነከረ» ያለው ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፍች ብቻ ስለ ተረዳው ነው። ፍቹ ሐሰት አይደለም፤ መስተዋቱ በእርግጥ ጠንክሯል። ነገር ግን በአማርኛ «ጠንካራ» ማለት የሚችል፣ የሚሸከም፣ የማይበገር ማለት ነው። ባለሙያው ለ200 ኪሎ ውኃ የሚሆነውን መስተዋት ሲመርጥ ወደ ጠንካራው ማድላቱ የቋንቋው ምክር ነው። ቃሉ የመስተዋቱን ብርታት ነግሮ ድካሙን ደበቀ፤ ለሚበሳው ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ድካሙን ማወቅ ነበር።

በዚህ ፈንታ «ውጥር መስተዋት» የሚለውን ስያሜ እናቀርባለን። «ወጠረ» የሚለው ግሥ ለከበሮ ቆዳ፣ ለድንኳን ሸራ፣ ለበገና ጅማት ያገለግላል፤ «ውጥረት» የሚለው ስምም በፊዚክስ ትምህርት የታወቀ ነው። የተወጠረ ነገር ድምፁ የሚያምር፣ ጭነትም የሚችል ሲሆን በስለት ከተነካ እንደሚተረተር ሕፃንም ያውቃል። ስያሜው ማስጠንቀቂያውን በራሱ ተሸክሞ ይሄዳል። አንዳንድ ባልደረቦቻችን «የተወጠረው ውስጡ ብቻ ነው፤ ገጹ የተጨመቀ ስለ ሆነ ስያሜው ጐደሎ ነው» ሲሉ ተቃውመዋል። ተቃውሞው በፊዚክስ ረገድ ትክክል ነው። ይሁንና ስያሜ ትርጓሜ አይደለም፤ የነገሩን ጠባይ ሁሉ እንዲይዝ አይጠየቅም። ለተግባር ወሳኝ የሆነውን ጠባይ ከያዘ ይበቃዋል። ለተራው መስተዋት ደግሞ «ስክን መስተዋት» የሚለውን እናቀርባለን፤ ውኃ ሲሰክን፣ ሰውም ሲሰክን ውስጡ እንደሚረጋ ሁሉ ቀስ ብሎ በመቀዝቀዝ የረጋ ነውና።

ሁለቱን በዐይን መለየት አስቸጋሪ መሆኑን ተርጓሚ ማወቅና ለአንባቢው መንገር አለበት። በውጥር መስተዋት ማዕዘን ላይ ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ማኅተም ይገኛል፤ በተሠራ ገንዳ ላይ ግን ማኅተሙ ላይታይ ይችላል። ነጭ ብርሃን ያበራ የኮምፒዩተር ወይም የስልክ ስክሪን ከመስተዋቱ ኋላ ተደርጎ ከፊቱ ፖላራይዝድ በሆነ የፀሐይ መነጽር ሲታይና መነጽሩ ሲዞር፣ በውጥሩ ላይ ጥላ መሰል ነጠብጣብና መስመር ይወጣል፤ ስክኑ አንድ ወጥ ሆኖ ይታያል። በፋብሪካ ተሠርተው ከሚመጡት ገንዳዎች ብዙዎቹ ጎናቸው ስክን፣ ወለላቸው ውጥር ነው። ስለዚህ አንዱ ገጽ ተመርምሮ በሌላው ላይ አይፈረድም።

መ. «አይበሳም» የሚለው ግሥ

የዐረፍተ ነገሩ ሁለተኛ ጉድለት በግሡ ቅርጽ ላይ ነው፤ ይህም ከስያሜው ይልቅ ለብዙ ተርጓሚዎች ትምህርት የሚሆን ይመስለናል። የአማርኛ ተደራጊ ግሥ በአሉታ ሲነገር ሁለት ፍች ያዘለ ነው። «ይህ በር አይከፈትም» ሲባል ሊከፈት አይችልም ማለትም፣ ሊከፈት አይገባም ማለትም ሊሆን ይችላል። በንግግር ጊዜ የድምፅ አወራረድና የሁኔታው ግልጽነት ይለየዋል፤ በጽሑፍ ግን አንባቢው ከራሱ ሙያ ተነሥቶ ይፈርዳል። የመስተዋት ባለሙያ «አይበሳም» የሚለውን ሲያነብ እንደ ችሎታ ጥያቄ ይወስደዋል፤ ሥራው አልበሳ ያለውን ነገር መብሳት ነውና። «አይበሳም» መከልከል መሆኑ ቀርቶ ብልኃቱን የሚፈትን ሆነበት።

ስለዚህ አደጋ ባለበት ሥራ ላይ ተርጓሚ ክልከላን በተደራጊ አሉታ ብቻ እንዳይጽፍ እንመክራለን። «ውጥር መስተዋት መብሳት ክልክል ነው፤ በማንኛውም ፑንታ ቢነካ ይፈነዳል» የሚለው ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ክልከላውንም፣ ምክንያቱንም፣ የሚከተለውንም ይዟል። ቁጥብነት የጽሑፍ ጌጥ የሚሆነው ፍቹ ሳይጎድል ሲቀር ነው።

ሠ. መብሳት፣ መሰርሰር፣ መፍጨት

አማርኛ ለቀዳዳ ማውጣት ሥራ የግሥ ድህነት የለበትም። ጆሮ ይበሳል፤ ግንድ ይቦረቦራል፤ ድንጋይ ይፈለፈላል፤ ግድግዳ ይነደላል፤ ማድጋ ይሸነቆራል፤ እንጨትና ብረት ይሰረሰራል። የተሰማ ሀብተ ሚካኤል ከሣቴ ብርሃን (1951 ዓ.ም.) እና የደስታ ተክለ ወልድ ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት (1962 ዓ.ም.) ለእንዲህ ያሉት ግሦች ምርመራ ዛሬም ዋነኛ መነሻዎቻችን ናቸው። ይሁን እንጂ የትኛው ግሥ ለመስተዋት እንደሚስማማ የሚወስነው የሥራው ጠባይ ነው።

«መሰርሰር» መሣሪያው እየዞረ ቁሱን እየነደለ ወደ ውስጥ መግባቱን ያመለክታል። «መሰርሰሪያ» የሚለው የመሣሪያ ስም ከዚሁ ወጥቶ ተለምዷል፤ በዚህ ረገድ አንነካውም። ችግሩ ግሡ ኃይልንና መግፋትን የሚያሳስብ በመሆኑ ነው። እንጨት የሚሰረስር ሰው ክንዱን ይጫናል፤ ፑንታውም በስለቱ እየላገ ፍቅፋቂ ያወጣል። መስተዋት ግን አይላግም። የመስተዋቱ ፑንታ አፉ ክብ ቀለበት ሆኖ በጠርዙ ላይ የአልማዝ ቅንጣት የተለበጠበት ነው። በሞስ የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10፣ መስተዋት 5.5 ገደማ ስለ ሆነ ቅንጣቱ መስተዋቱን እየፋቀ ወደ ዱቄት ይለውጠዋል። ከአልማዙ ፑንታ በፊትም በልዩ ልዩ አገሮች የነበሩ ባለሙያዎች የመዳብ ቱቦ እያሽከረከሩ በእርጥብ ሸካራ አሸዋ ይበሱ የነበረው በዚሁ መንገድ ነው። ስለዚህ ሥራው በእውነቱ «መፍጨት» ነው። ወፍጮ የሚያውቅ ሰው ደግሞ መፍጨት በችኮላ እንደማይሆን ያውቃል።

የምናቀርበው የሚከተለውን ነው፤ ለጠቅላላው ሥራና ለውጤቱ «መብሳት»፣ ለመሣሪያው «መሰርሰሪያ»፣ ለፑንታው ተግባር «መፍጨት»። «መስተዋቱ ሲበሳ ፑንታው ይፍጭ እንጂ አይጫን» ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንድ ገጽ ማብራሪያ ያተርፋል። ፍጥነቱ ዝግ እንዲል፣ ውኃ ያለማቋረጥ እንዲፈስበት፣ ከኋላው ጣውላ እንዲደገፍ፣ መጨረሻው ሲቃረብ ግፊቱ እንዲቀንስ የሚያዝዙት መመሪያዎች ሁሉ ከዚህ ግሥ ይከተላሉ። ውኃው ሙቀቱን ያበርዳል፤ ዱቄቱን ያጥባል፤ ወደ ዐይንና ወደ ሳንባ እንዳይቦንን ያደርጋል። ቀዳዳውም ከመስተዋቱ ጠርዝ ቢያንስ የራሱን ስፋት ያህል ይርቃል።

ረ. መላሽና ወራጅ

አሁን ወደ ቧንቧዎቹ እንመጣለን። በዚያው መመሪያ ውስጥ «መመለሻ» የሚለው ቃል በአንድ ገጽ ላይ ከላይ ወደ ታች ለሚወርደው፣ በሌላ ገጽ ላይ ከታች ወደ ላይ ለሚወጣው ቧንቧ ተሰጥቶ አገኘነው። ተርጓሚው ግድየለሽ ስለ ነበረ አይደለም። መመለስ መነሻን ይጠይቃል፤ መነሻው ካልታወቀ ሁለቱም ቧንቧዎች መላሽ ናቸው። ከማጣሪያው አንጻር የሚመልሰው ወራጁ ነው፤ ከዓሣው አንጻር የሚመልሰው ወጪው ነው። በራሱ በእንግሊዝኛውም የቤት ማሞቂያ ሥራ መላሽ የሚለው ቧንቧ ውኃውን ወደ ማፍያው የሚወስደው ነው፤ የዓሣ ገንዳ ሥራ ግን መላሽ የሚለው ከማጣሪያው የሚያርቀውን ነው።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አለው። በሠርግ ልማዳችን «መልስ» ሲባል ሙሽሮቹ ወደ ሙሽራዪቱ ወላጆች ቤት የሚጠሩበት ግብዣ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። መልሱ ወዴት ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የመነሻው ቤት የማን እንደ ሆነ በልማድ ተወስኗልና። ለገንዳውም እንዲሁ ማድረግ ያስፈልጋል። ቤቱ የዓሣው ቤት፣ ማለትም ላይኛው ገንዳ ነው ብለን እንወስን። ያን ጊዜ ውኃውን ወደ ዓሣው የሚያመጣው ብቻ «መላሽ ቧንቧ» ይባላል፤ ወደ ማጣሪያው የሚያወርደው «ወራጅ ቧንቧ» ይባላል። «ወጪ» የሚለውን ለመላሹ አልመረጥነውም፤ የገንዘብ ወጪን ከማሳሰቡም በላይ ከገንዳው የሚወጣ እየመሰለ ግራ ያጋባል።

የስም መለዋወጡ ከባድ መዘዝ ያለው መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ነው። ፓምፑ ሲቆም ወደ ላይ ይገፋ የነበረው ውኃ በክብደቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመላሹ አፍ በውኃ ውስጥ የሰጠመ ከሆነ ሾፌሮች በጎማ ነዳጅ ከበርሜል እንደሚስቡት ዐይነት፣ ቧንቧው ላይኛውን ገንዳ ወደ ታችኛው መሳብ ይቀጥላል፤ የሚያቆመውም የውኃው ገጽ ከአፉ በታች ሲወርድና አየር ሲገባ ብቻ ነው። ከላይ በጠቀስነው ገንዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ጥልቀት 4 ሊትር ነው። አፉ 15 ሳንቲ ሜትር ከሰጠመ 60 ሊትር ይወርዳል። ታችኛው ገንዳ 25 ሊትር ብቻ ባዶ ቦታ ካለው የቀረው 35 ሊትር በሳሎኑ ወለል ላይ ይፈስሳል። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም።

መፍትሔው ቀላል ነው። የመላሹ አፍ ከውኃው ገጽ 2 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ እንዲቀመጥ ቢደረግ የሚወርደው 8 ሊትር ብቻ ይሆናል። ወይም በመላሹ ላይ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብሎ ትንሽ የአየር ቀዳዳ ይበሳል፤ ገጹ እዚያ ሲደርስ አየር ገብቶ መሳቡን ይቆርጠዋል። ቼክ ቫልቭም ይገጠማል፤ ነገር ግን ቆሻሻ ከያዘው ስለማይዘጋ በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። እንግዲህ ይህች ትንሽ ቀዳዳ በወራጁ ላይ ብትበሳ አንዳች ጥቅም አትሰጥም። በሁለት ፍች የተሠራበት «መመለሻ» ባለሙያውን ወደዚያ ሊመራው ይችል ነበር። ይህችን ቀዳዳ «ትንፋሽ ቀዳዳ» እንድትባል እናቀርባለን፤ የምትሠራው አየር በማስገባት ነውና።

ሰ. ዳዶ፣ ጓርኒሲዮን እና የውሰት ጥያቄ

ቧንቧው መስተዋቱን አልፎ የሚሄድበት መጋጠሚያ በእንግሊዝኛው ከመርከብ ክፍልፍል ግድግዳ ስም የተወሰደ መጠሪያ አለው። ይህን በቃል በቃል መተርጐም ባሕር ለሌለው አንባቢ ፋይዳ የለውም። ዕቃው የሚሠራውን ተመልክተን «ማሻገሪያ» ብለነዋል፤ ቧንቧውን ከእርጥቡ ወገን ወደ ደረቁ ወገን ያሻግራልና። ክፍሎቹ ሦስት ናቸው። ከንፈር ያለው ጥርሳም አካል፣ የጎማ ጓርኒሲዮንና ዳዶ። ጓርኒሲዮኑ በውኃው ወገን ከከንፈሩ ሥር ይገባል፤ ዳዶው በደረቁ ወገን ይታሰራል።

«ዳዶ»፣ «ፑንታ»፣ «ጓርኒሲዮን»፣ «ፒንሳ» እና «ካቻቪቴ» ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው፤ በእጅ ሥራ ዘንድ ሥር ሰድደዋል። እነዚህን በግእዝ ቅጥያ እንድንተካ በየጊዜው ይጠየቃል። ሐሳቡ ከቋንቋ ፍቅር የመነጨ ስለ ሆነ አንንቀውም። ግን የምንናገርበትን አካባቢ ስም እንመልከት። «ቀራንዮ» የሚለው በግሪክኛ የራስ ቅል ከሚለው ቃል ተነሥቶ በወንጌል ትርጉም አማካይነት ወደ ግእዝ የገባ ነው፤ ዛሬ ግን የቤተ ክርስቲያንና የክፍለ ከተማ መጠሪያ ሆኖ ማንም እንደ ባዕድ አይቈጥረውም። ቃል ዜግነት የሚያገኘው በአገልግሎት ነው። ባለሙያው ሱቅ ሄዶ «ዳዶ» ብሎ የሚገዛውን ዕቃ መመሪያው በሌላ ስም ቢጠራው መመሪያው እንጂ ሱቁ አይለወጥም።

ስለዚህ ድንበሩን እንዲህ እናሰምራለን። የታወቀ ዕቃ የታወቀ ስም ካለው፣ ምንጩ የትም ይሁን የት፣ ይጠበቅ። አዲስ ስያሜ የሚያስፈልገው ስም ለሌለው ነገር፣ ወይም ያለው ስም ለአደጋ ለሚዳርግበት ነገር ነው። «ማሻገሪያ» ከመጀመሪያው፣ «ውጥር» ከሁለተኛው ወገን ነው።

ሸ. ናሙና

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች በአንድነት ሲሠራባቸው እንዴት እንደሚነበቡ ለማሳየት የሚከተለውን ናሙና አዘጋጅተናል።

«መስተዋቱ ስክን መሆኑ አስቀድሞ ይረጋገጣል። ውጥር መስተዋት መብሳት ክልክል ነው፤ ይፈነዳል። የቀዳዳው ስፋት በእጅ ካለው ማሻገሪያ ላይ ይለካል። መስተዋቱ በጣውላ ላይ ጠፍጥፎ ይተኛል፤ በሚበሳው ቦታ ዙሪያ በስቱኮ ትንሽ ግድብ ተሠርቶ ውኃ ይሞላበታል። መሰርሰሪያው በዝግታ ይዞራል፤ ፑንታው በራሱ ክብደት ይፈጫል፤ አይጫኑት። ውኃው ሲነጣ ይለወጣል። ማሻገሪያው በቀዳዳው ይገባል፤ ጓርኒሲዮኑ በውኃው ወገን መሆኑ ይታያል፤ ዳዶው በእጅ ከጠበቀ በኋላ ሩብ ዙር ብቻ ይጨመርለታል። የመላሹ አፍ ከውኃው ገጽ ብዙ እንዳይሰጥም ይደረጋል። ገንዳው ከሞላ በኋላ ዓሣ ሳይገባ ፓምፑ ሆን ተብሎ ይጠፋል፤ የሚወርደው ውኃ በታችኛው ገንዳ መቻሉ በዐይን ይታያል።»

ናሙናውን ይዘን ወደዚያው ሥራ ቤት ተመልሰን ነበር። የጠየቅነው «ገብቶሃል ወይ?» ብለን አልነበረም፤ ለዚህ ጥያቄ ማንም ጨዋ ሰው አዎን ብሎ ይመልሳልና። «ይህን ካነበብህ በኋላ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?» ብለን ጠየቅነው። ባለቤቱ አንዴ አነበበና መሰርሰሪያውን ሳይነካ መነጽር እንዲያመጣለት ረዳቱን ላከው። ስለ «ስክን» ግን ጥርጣሬ ነበረው፤ «ለሰው የሚባል ነው» አለን። ረዳቱ ደግሞ «ውጥር»ን በዚያው ቀን ለሌላ ደንበኛ ሲያስረዳ ሰማነው።

ስለዚህ «ውጥር መስተዋት»፣ «ወራጅ» እና «መላሽ ቧንቧ»፣ «ማሻገሪያ» እንዲሁም «ትንፋሽ ቀዳዳ» ለአገልግሎት እንዲውሉ እናቀርባለን። «ስክን መስተዋት»ን የተሻለ እስኪገኝ በጊዜያዊነት እናቆየዋለን። ከአየር ጤና የሚነሣው የጅማ መንገድ በሚያልፍባት በሰበታ የዓሣ ምርምር ማዕከል ይገኛል፤ ቆሮሶንና አምባዛን የመሳሰሉ ዓሦችን በገንዳ ስለ ማርባት የሚጻፉ መመሪያዎችም እነዚህኑ ቃላት ይፈልጋሉ። በዚያ ዘርፍ የሚሠሩ ተርጓሚዎች ቃላቱን በየሥራ ቦታው ፈትነው የደረሱበትን እንዲያካፍሉን እንጠይቃለን፤ በተለይም ያልሠራውን።